በወሎ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብም ይዞራል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመካከለኛው ዘመን ሙስሊም ሊቃውንት የፀሐይንና የከዋክብትን እንቅስቃሴ እንዴት እንደ ለኩ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ እዚህ ደሴ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ ቆርጠው በክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፉት መምህራንም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ መጻፉ ደግ ነው። በመጨረሻው ዐምድ «ተማሪዎች ራሳችሁ ሞክሩት» ተብሎ የቀረበው መመሪያ ግን ለወሎ አይሠራም። መመሪያውን ተከትሎ በጥንቃቄ የለካ፣ ሒሳቡንም ያለ አንዳች ግድፈት የሠራ ልጅ የሚያገኘው የተሳሳተ መልስ ነው፤ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል። ይህ እንዳይሆን ነው የምጽፈው።

መመሪያው የሚለው ይህን ነው፦ አንድ ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ የቀትር ጥላ ምን ጊዜም ሰሜንን ስለሚያሳይ በጥላው አቅጣጫ መስመር አስምሩ፤ በሰኔና በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትሩን ጥላ ለክታችሁ ፀሐይ ከአናት በስንት ዲግሪ እንደራቀች አውጡ፤ ትንሹን ከትልቁ ቀንሳችሁ ለሁለት አካፍሉ፤ የፀሐይ መንገድ ዘንበልታ፣ ማለትም ፀሐይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የምትርቅበት ትልቁ ማዕዘን፣ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ሆኖ ይወጣላችኋል።

ለባግዳድ፣ ለረቃና ለሰመርቀንድ ይህ እውነት ነው። እነዚያ ከተሞች ከ33 እስከ 40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሚገኙ ፀሐይ በዓመት አንድ ቀን እንኳ አናታቸውን አልፋ ወደ ሰሜን አትሻገርም። ደሴ ግን 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ 11 ገደማ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በዚያን ዕለት ቀጥ ብሎ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ከሥሩ ፀሐይን ያሳያል። ከዚያ እስከ ነሐሴ 18 ድረስ በቀትር የምትውለው ከእኛ በስተሰሜን ነው፤ ጥላችንም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በእነዚህ ከአራት የሚበልጡ ወራት በመመሪያው መሠረት «ሰሜን» ብሎ ቀስት የሳለ ልጅ የሳለው ደቡብን ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በደሴ የ1 ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ ታኅሣሥ 12 ቀን 68.9 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው በመጋቢት 11 እና በመስከረም 12 ገደማ 19.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ሰኔ 14 ደግሞ 21.8 ሳንቲ ሜትር ወደ ደቡብ ነው። የመስከረሙንና የሰኔውን አስተያዩት፤ ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱን ጽፎ አቅጣጫውን ያልጻፈ ሰው ፀሐይ በሁለቱ ወራት አንድ ቦታ ላይ የቆመች ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከ23 ዲግሪ በላይ ተጉዛለች። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ሰ» ወይም «ደ» የምትል ፊደል ትጻፍ።

ወደ ማዕዘን ሲለወጥ የታኅሣሡ 34 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ፣ የሰኔው 12 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ይሆናል። እንደ መመሪያው ትንሹን ከትልቁ ቀንሰን ለሁለት ስናካፍል 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ እናገኛለን፤ ይህ የደሴ ኬክሮስ ነው እንጂ የፀሐይ መንገድ ዘንበልታ አይደለም። እዚህ ሁለቱ ማዕዘኖች ከአናታችን ወዲህና ወዲያ ስለሆኑ መደመር አለባቸው፦ 46 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ፤ ግማሹ 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ። ዛሬ ያለው ዘንበልታ ይኸው ነው። በሰሜን አገር የሚደመረው እዚህ ይቀነሳል፤ እዚያ የሚቀነሰው እዚህ ይደመራል።

የጥንቶቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሁለተኛው መቶ ዓመት የሰማይ ሊቅ በጥሊሞስ (ቶለሚ) በአልማጅስት መጽሐፉ ምድርን በኬክሮስ መስመሮች ሲከፋፍል አራተኛውን መስመር በአዱሊስ ባሕረ ሰላጤ በኩል አሳልፎ 12 ዲግሪ ተኩል ሰጥቶታል፤ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚሆንበት ማለት ነው። ከእኛ ላስታ ብዙም የማይርቅ ኬክሮስ ነው። መጽሐፉን ወደ ዐረብኛ የመለሱትና ያረሙት ሊቃውንትም እንዲህ ያለውን አገር «ባለ ሁለት ጥላ» ብለውታል። የእናንተ ጽሑፍ አዘጋጅ መመሪያውን የወሰዱት ለባለ አንድ ጥላ አገር ከተዘጋጀ መጽሐፍ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከብዳል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የወር ቀኖቹ ግን በእኛ።) ጽሑፉ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሰማይ ሊቅ አል ባታኒ የዓመትን ርዝመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ማለቱን ጠቅሶ፣ ከእውነተኛው በ2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ያነሰው «መሣሪያዎቹ ሻካራ ስለነበሩ» ነው ይላል። ይህ በሰውየው ላይ ግፍ ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል፤ ካልታየም የሰማይ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለካ አንባቢ አይገባውም።

ዓመት አንድ ጊዜ በመለካት አይገኝም። ፀሐይ ከአንድ ዕሪና፣ ማለትም ቀንና ሌሊት ከሚተካከሉበት ቅጽበት፣ ተነሥታ ወደዚያው እስክትመለስ ያለው ጊዜ ነው። በዕሪና ሰሞን የቀትር ከፍታዋ በቀን 24 ደቂቃ ያህል ይለወጣል፤ ስለዚህ በከፍታ ላይ የ1 ደቂቃ ስሕተት በቅጽበቱ ላይ የ1 ሰዓት ስሕተት ይሆናል። (እዚህ ደቂቃ የምለው የዲግሪ 60ኛውን ነው። ቃሉ በግእዝም በዐረብኛም ከደቃቅነት የመጣ ነው፤ ለሰዓት የተረፈው በኋላ ነው።) በተከታታይ ሁለት ዓመት ብቻ የለካ ሰው የዓመቱን ርዝመት በሰዓታት ይስታል። መድኃኒቱ የቆየ መዝገብ ይዞ የሁለቱን ልዩነት በመካከል ላሉት ዓመታት ማካፈል ነው። አል ባታኒ ከ877 እስከ 918 በረቃ ሲለካ ኖሯል። የ882ቱን የመኸር ዕሪና ወስዶ በጥሊሞስ በ139 ከመዘገበው ጋር አነጻጸረው፤ በመካከሉ 743 ዓመት አለ። የራሱ ልኬት በ2 ሰዓት ተዛብቶ ቢሆን እንኳ ለ743 ሲካፈል በዓመት 10 ሰከንድ አይሞላም። የተሳሳተው የበጥሊሞስ ቁጥር ነው፤ ከእውነተኛው ዕሪና ከአንድ ቀን በላይ የዘገየ ነበር። 29 ሰዓት ለ743 ሲካፈል ያ 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ይወጣል። አል ባታኒ የሳተው መሣሪያው ስለ ሻከረ አይደለም፤ አንጋፋውን ስላመነ ነው።

የከዋክብቱም ጉዳይ መንገዱ ያው ነው። ቋሚ የሚባሉት ከዋክብት በዕሪናው ነጥብ አንጻር እጅግ በዝግታ ይጓዛሉ፤ በጥሊሞስ በ100 ዓመት 1 ዲግሪ ብሎ ነበር። በኸሊፋ አል መእሙን ዘመን፣ ከ828 እስከ 832 ባለው ጊዜ፣ በባግዳድና በደማስቆ የተሰማሩት ሊቃውንት ቀልቡል አሰድን ለኩ፤ የአንበሳው ልብ የሚባለው ብሩህ ኮከብ ነው። ከአሰድ፣ ማለትም ፀሐይ በዓመት ከምታልፍባቸው 12 የሰማይ ክፍሎች ከአንዱ፣ 13ኛ ዲግሪ ላይ አገኙት። በጥሊሞስ 2 ዲግሪ ተኩል ላይ ነበር ያስቀመጠው። በ693 ዓመት 10 ዲግሪ ተኩል ተጓዘ ማለት በ66 ዓመት 1 ዲግሪ ነው። ትክክለኛው ወደ 71.6 ዓመት ነው። የባግዳዶቹ ልኬት ደኅና ነበር፤ የበጥሊሞስ መዝገብ ግን በዚህ ኮከብ ላይ ከ1 ዲግሪ በላይ ይጎድለዋል። የጎደለው ሁሉ እንደ ጉዞ ስለ ተቆጠረ ኮከቡ የፈጠነ መሰለ። ይባስ ብሎ፣ «በበጥሊሞስ ዘመን በ100፣ በእኛ ዘመን በ66 ከሆነ እንቅስቃሴው አንዴ እየፈጠነ አንዴ እየዘገየ የሚወዛወዝ ነው» የሚል ሐሳብ ተወለደና ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዉን አደከመ። በ13ኛው መቶ ዓመት በፋርስ በምትገኘው በመራጋ የሠሩት የነሲሩዲን አል ጡሲ ባልደረቦች በ70 ዓመት 1 ዲግሪ እስከ ማለት ደርሰው ወደ እውነቱ ቀርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ እያለ የወሎ ደብተራም የሐሪማው ሸኽም ሰማዩን በአንድ ስም ይጠራዋል። የስሞቹ ምንጭ ዐረብኛ ነው፤ ወደ ግእዝ መጻሕፍት ገብተው የእኛ ሆነዋል። የእናንተ ጽሑፍ እነዚህን የታወቁ ስሞች ትቶ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል መተርጎሙ አንባቢን ማራቅ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ርቃ የምትመለስባቸውን ቀኖች «የበጋ መዞሪያ» እና «የክረምት መዞሪያ» ማለቱም እንዲሁ፤ በእኛ አገር ሰኔ 14 የክረምት መግቢያ እንጂ በጋ አይደለም። ሰሜናዊ መዞሪያና ደቡባዊ መዞሪያ ቢባል ማንንም አያሳስትም።

የመሣሪያ ስሕተት ምን እንደሚመስል ማሳየት ከተፈለገ የአል ኹጀንዲን ሥራ መጥቀስ ይቻል ነበር። በ994 በሬይ ከተማ፣ ዛሬ ቴህራን ባለችበት አጠገብ፣ ግማሽ ዲያሜትሩ 20 ሜትር ያህል የሆነ የግንብ ቅስት አሠራ። ከላይ በጣሪያው ቀዳዳ የገባው የፀሐይ ብርሃን ከታች ቅስቱ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። በዚህ ስፋት 1 ዲግሪ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 1 ደቂቃም ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በዚህ መሣሪያ ዘንበልታውን 23 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አለ። በዚያ ዘመን የነበረው እውነተኛ ዘንበልታ 23 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ያህል ነው፤ 2 ደቂቃ ጎደለው። ምክንያቱን የነገረን የዘመኑ ሊቅ አል ቢሩኒ ነው፦ ቀዳዳው ከመሣሪያው ክብደት የተነሣ ስንዝር ያህል ወደ ታች ሰጥሞ ነበር። ከ400 ዓመት በኋላ ገዥው ኡሉግ ቤግ በሰመርቀንድ 40 ሜትር ግማሽ ዲያሜትር ያለውን ቅስት ሲያሠራ የታችኛው ክፍል ኮረብታውን ጠርቦ የገባ ነው፤ ዛሬም ይታያል። የእሱ ቁጥር 23 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲሆን ከእውነቱ የራቀው በግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው።

አል ኹጀንዲ ግን የሕንዶቹን 24 ዲግሪ፣ የበጥሊሞስን 23 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ፣ ከዚያም የራሱን ደርድሮ «ዘንበልታው እየቀነሰ ነው» አለ። አል ቢሩኒ አልተቀበለውም፤ ቀዳዳው ከሰጠመ ልዩነቱ የመሣሪያው እንጂ የሰማዩ አይደለም ብሎ ነው። ማን ልክ ነበር? ዘንበልታው በእርግጥ በ100 ዓመት 47 ሰከንድ ያህል ይቀንሳል። ከ139 እስከ 994 ድረስ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ቀንሷል፤ መዝገቡ የሚያሳየው መቀነስ ግን 19 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ስሕተት ነበር፤ ትልቁም ድርሻ አሁንም የበጥሊሞስ ነው። መልሱ ልክ የሆነው አል ኹጀንዲ ቢሆንም፣ ያንን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ በእጁ አልነበረም። እኔ ለተማሪ የማስተምረው የአል ቢሩኒን ጥርጣሬ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በወሎ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ልኬት በአግባቡ ሊሠራው ይችላል፤ ለኛ ከሰመርቀንድ ይልቅ የሚመችም ነገር አለ። ፀሐይ በታኅሣሥ እንኳ በቀትር ከአድማስ 55 ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምትውል አየሩ ብርሃኑን የሚያጎብጠው ከ1 ደቂቃ በታች ነው። በሰመርቀንድ ታኅሣሥ ላይ 27 ዲግሪ ብቻ ስለምትወጣ ማጉበጡ 2 ደቂቃ ይደርሳል።

የ1 ሜትር ዘንግ ለመጀመሪያ ትምህርት እንጂ ለልኬት አይበቃም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የምትሰፋ ክብ ስለሆነች የጥላ ጫፍ ይደበዝዛል፤ ከዘንጉ ጫፍ 2 ሜትር ርቆ በሚወድቅ ጥላ ላይ ድብዝዙ 19 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የሚሻለው የአል ኹጀንዲ መንገድ ነው፦ ጨለማ ክፍልና ቀዳዳ። ጣሪያው 3 ሜትር ያህል ከፍ ያለ መጋዘን ፈልጉ። ትንሽ ላሜራ ወስዳችሁ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፤ ጠርዙን በሞረድ አጽዱ። ላሜራውን በቆርቆሮው ላይ አታስሩት፤ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ነፋስም ያንቀጠቅጠዋል። በግንቡ ላይ በተቀበረ ፌሮ ያዙት፤ ከላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ ክፈቱለት።

ከቀዳዳው መሐል ቱንቢ አውርዱ። ቱንቢው እንዳይወዛወዝ እርሳሱን ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ንከሩት፤ ሲረጋ ሥሩን በወለሉ ላይ በቀጭን ሚስማር ምልክት አድርጉ። ከፍታው ከቀዳዳው እስከዚህች ነጥብ ነው፤ በእያንዳንዱ ልኬት ቀን እንደገና ይለካ። እዚህ ላይ መስነፍ አያዋጣም። ቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥና ሳታውቁ 3 ሜትር ብላችሁ ብትቆጥሩ የታኅሣሡ ማዕዘን ከ5 ደቂቃ በላይ ይዛባል። የአል ኹጀንዲ ስንዝር ምን ማለት እንደነበር ከዚህ ይገባችኋል። ወለሉም ልክ ይሁን፤ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በሞላ የላስቲክ ቱቦ ከሥሩ እስከ 2 ሜትር ከ20 ድረስ አመሳክሩት። ጫፉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ብቻውን ወደ 3 ደቂቃ ስሕተት ያመጣል።

ቀጥሎ የሰሜን-ደቡብ መስመር ነው። የስልክ ኮምፓስ ፌሮ ባለበት ሕንፃ አይታመንም፤ ማግኔቱም ቢሆን የሚያሳየው እውነተኛውን ሰሜን አይደለም። ሊቃውንቱ «የሕንድ ክብ» የሚሉትን ዘዴ ውጭ ሜዳ ላይ ሥሩት። በተስተካከለ ሲሚንቶ ወለል ላይ 1 ሜትር ዘንግ በቱንቢ አቁሙ፤ በሥሩ ዙሪያ በሲባጎና በጠመኔ 1 ሜትር፣ 1.3 እና 1.6 ሜትር ግማሽ ዲያሜትር ያላቸው ሦስት ክቦች አስምሩ። ጠዋት የጥላው ጫፍ እያንዳንዱን ክብ ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መካከለኛና የዘንጉ ሥር ሲገናኙ የቀትር መስመሩ ይወጣል። ሦስት ክብ ያልኩት አንዱን ደመና ቢወስደው እንዲተርፋችሁ ብቻ አይደለም፤ ሦስቱ መስመሮች ካልገጠሙ ወለሉ ዘንበል ብሏል ወይም ዘንጉ ቀጥ አላለም። ጥላ ወደ ቁልቁለቱ ይረዝማል። ይህን በታኅሣሥ ሥሩት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በዚያ ሰሞንም ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም አትንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በመጋቢት ግን በየሰዓቱ 1 ደቂቃ ትሄዳለች። በሚያዝያና በነሐሴ በቀትር ጥላ አቅጣጫ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው በደቂቃዎች ውስጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይገለበጣል። መስመሩን ወደ መጋዘኑ ስታስገቡት ከቱንቢው ሥር እንዲያልፍ አድርጉ።

የሰዓት ነገር ደግሞ አለ። በእጅ ሰዓት ልክ 6 ሰዓት ቀትር አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተሠራው ለ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ደሴ 39 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ላይ ስለሆነች እውነተኛው ቀትር በአማካይ በ21 ደቂቃ ተኩል ይዘገያል፤ ከዚያም ላይ እንደ ወሩ ይለያያል። በጥቅምት 24 ገደማ 6 ሰዓት ከ5፣ በየካቲት 4 ገደማ 6 ሰዓት ከ36፣ በታኅሣሥ 12 ወደ 6 ሰዓት ከ20፣ በሰኔ 14 ወደ 6 ሰዓት ከ23 ነው። ከዚያ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ተገኙ። በታኅሣሥ 34 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ ሰሜን በኩል ረዘም ያለ ብርሃን መስመሩን በሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ያቋርጣል። መሐሉን በዓይን አትገምቱ። መሐሉ መስመሩ ላይ ሲደርስ የሰሜኑንና የደቡቡን ጠርዝ ምልክት አድርጉ፤ ሁለቱን ለየብቻ ወደ ማዕዘን ለውጡና ማዕዘኖቹን አማክሉ። ርዝመቶቹን ካማከላችሁ ትንሽ ትስታላችሁ፤ ብርሃኑ ራቅ ባለው ጠርዝ በኩል ይበልጥ ይለጠጣልና።

ቀዳዳው በትክክል 3 ሜትር ላይ ከሆነ ታኅሣሥ 12 ብርሃኑ ከሥሩ 2 ሜትር ከ6.7 ሳንቲ ሜትር በስተሰሜን፣ ሰኔ 14 ደግሞ 65.4 ሳንቲ ሜትር በስተደቡብ ይወድቃል። 1 ደቂቃ በታኅሣሥ 1.3 ሚሊ ሜትር፣ በሰኔ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሚሊ ሜትር የማይስት ተማሪ 1 ወይም 2 ደቂቃ ብቻ ይስታል። በጥሊሞስ በ10 ደቂቃ ተሳስቶ ነበር።

በሰኔ ደመናው ያስቸግራል። አትደንግጡ፤ በመዞሪያው ሰሞን ፀሐይ ዝግ ትላለች፣ ከመዞሪያው 1 ቀን ቢርቁ ልዩነቱ 13 ሰከንድ፣ 2 ቀን ቢርቁ ከ1 ደቂቃ በታች ነው። ከሰኔ 12 እስከ 16 ከተገኙት አንዱ ብሩህ ቀትር ይበቃል። አል ኹጀንዲም በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር የለካው በ14 እና በ17 ነው፤ በዚያ ሰሞን የለካው በተከታታይ ቀናት አልነበረም። መዞሪያው የዘንበልታውን መጠን ለማወቅ መልካም የሆነው፣ የዓመትን ርዝመት ለማወቅ ደግሞ የማይረባው በዚሁ ዝግታው ነው፤ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አይነግርም። የአል መእሙን ሰዎችም ይህን አይተው በዕሪናና በመዞሪያ መካከል ያሉትን አጋማሾች መለካት ጀመሩ፤ እዚያ ፀሐይ በቀን 17 ደቂቃ ትንቀሳቀሳለች።

ይህ ሁሉ ለመስጊዱም ይጠቅማል። መካ ከደሴ ልክ በስተሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ቂብላችን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 1 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል። የቀትሩን መስመር በትክክል ያወጣ ሰው ቂብላውን አወጣ ማለት ነው። ነሲሩዲን አል ጡሲ የጻፈው ዘዴም አለ፦ ፀሐይ በገውዝ 8ኛ ዲግሪ ወይም በሸርጣን 23ኛ ዲግሪ ስትሆን በቀትር በመካ አናት ላይ ናት፤ በዚያ ቅጽበት ፀሐይ ያለችበት አቅጣጫ ቂብላ ነው። በእኛ ቀን ግንቦት 19 እና 20 በ6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 8 እና 9 በ6 ሰዓት ከ27 ነው። ለሩቅ አገር እጅግ ጥሩ ዘዴ ነው። ለደሴ ግን አደጋ አለው፤ ፀሐይ ከእኛም አናት 10 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ አቅጣጫዋ በየደቂቃው ከ1 ዲግሪ በላይ ይዞራል፤ 4 ደቂቃ የተሳሳተ ሰዓት 5 ዲግሪ ያስታል። የሕንዱ ክብ ይሻላል። የዐስርን ሶላትም በጥላ የሚጠብቅ ሰው የቀትሩን ጥላ መደመር አይርሳ፦ በሻፊዒው መዝሀብ የ1 ሜትር ዘንግ ዐስር የሚገባው በታኅሣሥ 12 ጥላው 1 ሜትር ከ69 ሲሞላ፣ በሚያዝያ 11 ግን 1 ሜትር ሲሞላ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቀለበታማው ግርዶሽ። ጽሑፉ አል ባታኒ «ስለ ግርዶሽም ጽፏል» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። በጥሊሞስ የፀሐይ ስፋት ምን ጊዜም 31 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ የጨረቃም ትንሹ ስፋት ያው ነው ስላለ፣ በእሱ አቆጣጠር ፀሐይ በጨረቃ ዙሪያ ቀለበት ሆና ልትታይ አትችልም ነበር። አል ባታኒ የፀሐይ ስፋት በዓመት ውስጥ እንደሚለዋወጥ፣ ጨረቃም ከዚያ ልታንስ እንደምትችል አሳይቶ ቀለበታማ ግርዶሽ ይቻላል አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ የታየው ይኸው ነው። ቀለበቱ በገዛ አገራችን፣ ያውም ፀሐይ በሰሜናዊው መዞሪያ ላይ በነበረችበት ቀን ታይቶ ሳለ ጽሑፉ አለማንሣቱ ቆጨኝ።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ «ቀንሳችሁ አካፍሉ» የሚለው ከደቡባዊው መዞሪያ እስከ ሰሜናዊው ፀሐይ አናቱን ለምታልፍበት አገር «ደምራችሁ አካፍሉ» ተብሎ ይታረም፤ «ምን ጊዜም ሰሜንን» የሚለውም ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከላይ ያሰፈርኳቸው የደሴ ቁጥሮች ይታተሙ። ለወልዲያ የምታወጡት ከሆነ ኬክሮሱን 11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንባቸውን ቀኖች ደግሞ ሚያዝያ 13 እና ነሐሴ 16 ገደማ አድርጉት። ሰኔ 14 ሳይደርስ ይውጣልን፤ መጋዘን የሚያመቻቹ ትምህርት ቤቶች ቱንቢያቸውን ለማውረድና ወለሉን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ